የበዓል ሰሞንና የሥነ ልቦና ሕክምና ቀጠሮ በሐዋሳ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታኅሣሥ ገብርኤል እስከ ጥምቀት ባሉት ሳምንታት በሐዋሳ የምክር ክትትል ላይ ያሉ ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው ለሚያነሷቸው ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ ነው።

በሐዋሳ ቀጠሮ የሚያዛባው የበዓል ሰሞን ከመቼ እስከ መቼ ነው?

በብዙ ከተማ ግርግሩ የሚጀምረው ገና ሲቃረብ ነው፤ በሐዋሳ ግን ታኅሣሥ 19 ቀን ይጀምራል። የቅዱስ ገብርኤልን ዓመታዊ በዓል ለማክበር ምእመናን ከየአቅጣጫው ይገባሉ፣ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ያሉ መንገዶች ከዋዜማው ጀምሮ ይጨናነቃሉ። ቀኑ በመንግሥት ዘንድ የሥራ ቀን ስለሆነ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ቀጠሮ ይይዝበታል። ከዚያ ገና ታኅሣሥ 29፣ ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ይከተላሉ። ዘመነ ዮሐንስ በሆነ ዓመት ገና አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል።

የቀን መቁጠሪያ ይዘው ቢቆጥሩ የሚጠቅም ነገር ያገኛሉ። ሳምንታዊ ቀጠሮዎ ታኅሣሥ 29 በሚውልበት ዕለት ከሆነ የሚነካው የገናው ብቻ ነው፤ ተከታዮቹ ጥር 6 እና ጥር 13 ስለሚውሉ ከጥምቀት ጋር አይጋጩም። ታኅሣሥ 19 በሚውልበት ዕለት ቀጠሮ ያለው ሰው ግን ልክ በሦስተኛው ሳምንት ከተራ ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱ ቀናት በየዓመቱ በአንድ ዕለት ይውላሉና። እንዲህ ያለው ሰው ሁለቱንም ቀጠሮ አንድ ላይ ቢያዛውር ይሻለዋል።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጫምባላላ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም። አያንቱዎች የሚባሉት የሲዳማ ዘመን ቆጣሪ ሽማግሌዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተመልክተው የሚያውጁት በመሆኑ በየዓመቱ ቀኑ ይለያያል። ቀኑ እንደተሰማ ለአማካሪዎ መንገር ነው፤ ሕዝቡ በዓሉን ሊያከብር ጉዱማሌ አደባባይ በሚሰበሰብበት ቀን ከተማውን አቋርጦ ቀጠሮ ላይ መድረስ አይታሰብም።

አንድ ሁለት ቀጠሮ ቢዘለል ምን ይጎዳል?

ከአማካሪዎ ጋር ተነጋግረው የወሰኑት ዕረፍት አይጎዳም። የሚጎዳው ሳይነጋገሩበት «በዓሉ ይለፍ» እየተባለ የሚቀረው ነው፤ የገናው ለጥምቀት፣ የጥምቀቱ ለወር መጨረሻ ሲተላለፍ ሰውየው ሳይታወቀው ክትትሉን አቋርጦ ይገኛል። በተለይ ለጭንቀትና ለፍርሃት የሚታከም ሰው ሲቀር ለጊዜው እፎይ ይላል። ችግሩ ያለው እዚያው እፎይታ ላይ ነው፤ የሸሸነው ነገር በሸሸነው ቁጥር እየገዘፈ ይመጣል፣ ቀጣዩ ቀጠሮም ካለፈው የበለጠ ይከብዳል።

ጊዜው ራሱም ቀላል አይደለም። እንቅልፍ ያንሳል፣ መጠጥ ይበዛል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ ዓመቱን ሙሉ ያልታየ ዘመድ መጥቶ «አንተ፣ ለምን አታገባም?» ወይም «አሁንም ልጅ የለም?» ይላል። ሰው የሚያዳምጠው በሚፈልግበት በዚህ ወቅት ከሁሉ በፊት የሚሠዋው የምክር ቀጠሮው መሆኑ ያሳዝነኛል። ለሚከተሉት ጥያቄዎች ሁሉ መነሻዬም ይኸው ነው፦ ቀጠሮው ይዛወር እንጂ አይሰረዝ።

በበዓል ቀን ሆስፒታሎችና የምክር አገልግሎት ሰጪዎች ይሠራሉ?

በሕዝብ በዓላት ቀን የመንግሥት ሆስፒታሎች የተመላላሽ ክፍል ዝግ ነው፤ ድንገተኛ ክፍል ግን ቀንና ሌሊት ይሠራል። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ሕዝቡ «ሪፈራል» በሚለው፣ እንዲሁም በአዳሬ ሆስፒታል ክትትል ያለው ሰው የቀጠሮ ካርዱን አውጥቶ ቀኑን ቢያጣራ ጥሩ ነው። ወራት ቀድሞ የተጻፈ ቀጠሮ በዓል ላይ ወድቆ ሊገኝ ይችላል። ከበዓል ማግስት ባለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ወረፋው ስለሚረዝም፣ የሚቻል ከሆነ ከበዓሉ በፊት ያለውን ቀን ይጠይቁ።

በግል የሚሠሩ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠራር አላቸው። አንዳንዱ ከገና እስከ ጥምቀት ሙሉ ዕረፍት ይወጣል፣ አንዳንዱ የበዓሉን ቀን ብቻ ይዘጋል። ገምተው ከመሄድ ደውሎ መጠየቅ ይቀላል።

ለማዛወር መቼ ልንገራቸው? ምን ብዬስ?

ታኅሣሥ እንደገባ፣ በመጀመሪያው ሳምንት። የበዓሉ ሳምንት ከደረሰ በኋላ ክፍት ሰዓት ማግኘት ያስቸግራል፤ ከእርስዎ ቀድመው የጠየቁት ይዘውታል። መልእክቱ ረጅም መሆን የለበትም፣ ይቅርታም አያበዛም፦ «ጤና ይስጥልኝ። ቀጠሮዬ የገና ዕለት ነው። ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ወይም በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ሰዓት ይኖር ይሆን?» ሁለት አማራጭ ይዞ መምጣት ነገሩን በአንድ መልስ ይጨርሰዋል። «በዓሉ ካለፈ በኋላ እደውላለሁ» የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ስልክ ሳይደወል ይቀራል።

ሰዓት ሲመርጡ ጠዋትን ያስቀድሙ። በበዓል ሰሞን ከሰዓት በኋላ የራስዎ ጊዜ አይደለም፤ ገበያው፣ እንግዳው፣ የባጃጅ ወረፋው ይወስደዋል።

በዓሉ ኪሴን አራቁቶታል። የምክር ክፍያውን ከየት ላምጣ?

በግ፣ ዶሮ፣ ቅቤ፣ የልጆች ልብስ፣ ለወላጆች የሚላክ ገንዘብ። በዚህ ሁሉ መካከል የምክር ክፍያ እንደ ቅንጦት ቢታይ አይገርምም። ነገር ግን ዝም ብሎ ከመጥፋት ጉዳዩን ለአማካሪዎ በግልጽ ማንሳት ይበጃል። ክፍያውን ለሁለት መክፈል፣ እስከ ደመወዝ ቀን ማቆየት፣ ሙሉውን ሰዓት በግማሽ ሰዓት መተካት ወይም ሳምንታዊውን ለአንድ ወር በየሁለት ሳምንቱ ማድረግ የተለመዱ መፍትሔዎች ናቸው። ስለ ገንዘብ በመናገርዎ የሚቀየም አማካሪ እንዳለ አያስቡ፤ ስለ ገንዘብ ጭንቀት መነጋገርም ራሱ የሥራው አካል ነው።

የሚችሉ ከሆነ የታኅሣሥን ክፍያ ገበያ ሳይወጡ፣ ደመወዝ በገባበት ቀን በቴሌብር ወይም በባንክ አስቀድመው ይክፈሉ። የተከፈለበት ቀጠሮ በቀላሉ አይተውም። ይህ ሁሉ የማይሆን ከሆነ በመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ያለው አገልግሎት ከግሉ በእጅጉ ይረክሳል፤ ወደዚያ ለመዛወር አማካሪዎን የማስተላለፊያ ደብዳቤ ይጠይቁ።

የበዓሉ ሥራ ሁሉ በእኔ ላይ ነው። ቤቱን ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሱት ሴቶች ናቸው፤ እውነታቸውንም ነው። የሽንኩርቱን መክተፍና ማቁላላት፣ የዶሮውን አሥራ ሁለት ብልት ማውጣትና ደጋግሞ ማጠብ፣ የእንጀራውን ጋገራ፣ የቤቱን ጽዳት፣ ከዚያም በበዓሉ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የሚፈላውን ቡና ማን እንደሚሠራው እናውቃለን። ሥራው ከባድ ከመሆኑም በላይ ሰዓት የለውም፤ «ትንሽ ቀረኝ» እየተባለ ይመሻል።

በዋዜማው ቀን ቀጠሮ አይያዙ፤ አይሆንም። ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቀደም ያለ ጠዋት ይምረጡ፤ ያ ቀን የገበያ ነውና ከቤት መውጣትዎ አያስጠይቅም፣ ሲመለሱም የሚገዛውን ገዝተው ይገባሉ። ቤት ውስጥ የሚረዳ ሰው ካለ ደግሞ ሥራውን በስም ያከፋፍሉ፤ «አግዙኝ» ሲባል የማይነሳ ሰው «ሽንኩርቱን አንተ ልጠህ ቆየኝ» ሲባል ይነሳል።

ለባሎችና ለወንድሞችም አንድ ነገር ልበል። ሚስትዎ ወይም እህትዎ በዓመት ውስጥ ለራሷ የያዘችው አንድ ሰዓት ይህ ሊሆን ይችላል። ለዚያች ሰዓት ልጆቹን መያዝና በሩን መክፈት ትልቅ ውለታ አይደለም፤ መደረግ ያለበት ነው።

ቤት ሙሉ እንግዳ አለ። «ወዴት ነው?» ሲሉኝ ምን ልበል?

የሕክምናዎን ዝርዝር ለማንም የመንገር ግዴታ የለብዎትም። መዋሸትም አያስፈልግም። «ቀጠሮ አለኝ፣ እስከ 6 ሰዓት እመለሳለሁ» የሚለው እውነት ነው፤ ይበቃልም። «የምን ቀጠሮ?» የሚል ካለ «የሐኪም ክትትል ነው፣ ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ይበሉና ወሬውን ወደ እነሱ ይመልሱት፦ «እማማ፣ ለመሆኑ ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?» የመመለሻ ሰዓትን መናገር በተለይ ይረዳል፤ ሰው የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ስለሚያስብ እንጂ ሊመረምር ፈልጎ አይደለም።

ከቤቱ ሰዎች መካከል አንድ የሚያምኑት ሰው ቢያውቅ ግን ጭንቅዎ በግማሽ ይቀላል። ያ ሰው እርስዎ ሲወጡ «ልኬው ነው» ብሎ ነገሩን የሚያቀል፣ ሲመለሱም ዐይንዎ ቀልቶ እንደሆነ ቡና ይዞ የሚጠብቅ ይሆናል። አማካሪዎ በበኩሉ ቤተሰብ ቢደውልለት ወይም መንገድ ላይ ቢያገኘው ያወሩትን አይናገርም። በበዓል ቀን ፒያሳ ወይም ፍቅር ሐይቅ ዳር ከቤተሰብ ጋር ሆነው ቢያገኙት ሰላም ልበል ወይስ አልበል ብለው እንዳይቸገሩ አስቀድመው ተነጋገሩበት።

ለበዓል ወደ ቤተሰቦቼ እሄዳለሁ። በስልክ መቀጠል ይቻላል?

አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ ለበዓል ወደ የአገራቸው ለሚበተኑት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከምንም ይሻላል። ሆኖም ሦስት ነገሮችን ቀድመው ይወስኑ። አንደኛ ቦታው፦ ቤት ውስጥ ብቻዎን መሆን ካልቻሉ ጓሮ፣ እርሻ ዳር፣ የቆመ መኪና ውስጥ ወይም ሰው የማይበዛበት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥግ ይሆናል። ሁለተኛ መስመሩ፦ በበዓሉ ዕለትና በዋዜማው ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ከቪዲዮ ይልቅ መደበኛ የድምፅ ጥሪ ይመረጣል፤ ቢቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውልም ይስማሙ፤ አለበለዚያ ሁለታችሁም ስትደውሉ መስመሩ ተይዟል እየተባለ አሥር ደቂቃ ይባክናል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው ነው። ሰው ድንገት ቢገባ ምን ይላሉ? «እሺ፣ ዋጋውን ነገ እነግርዎታለሁ» ዓይነት አንድ ተራ ዓረፍተ ነገር ከአማካሪዎ ጋር ቢስማሙ፣ ያን ሲሰማ ብቻዎን እንዳልሆኑ ያውቃል፣ ጥያቄውንም «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ በሚመለስ መልኩ ያቀርባል። አንዲት አክስት ቡና ቁርስ ይዛ በሩን በከፈተች ጊዜ ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደሚያድን የሞከረው ያውቀዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የድሮ ጥቃትን ወይም ከባድ ሐዘንን የሚነካ ሥራ ላይ ከሆናችሁ፣ ጉዳዩ በተፈጸመበት ቤት ውስጥ ተቀምጦ በስልክ መቀጠል ተገቢ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ጊዜ ጥሪው የዕለቱን ውሎ ለመነጋገርና ለመረጋጋት ብቻ ይሁን፤ ከባዱ ሥራ ሐዋሳ ሲመለሱ ይቀጥላል።

መንገድ ተዘግቶ ዘገየሁ። ተመልሼ ልሂድ?

አይመለሱ። ወዲያውኑ ይደውሉ፤ ያለውን ሃያ ደቂቃ በስልክም ቢሆን ይጠቀሙበት። በገብርኤልና በከተራ ዕለት ባጃጅ እስከሚሄድበት ሄዶ ቀሪውን በእግር መጨረስ ግድ ስለሚሆን፣ ከወትሮው አንድ ሰዓት ቀድመው ይውጡ።

መድኃኒት እየወሰድኩ ነው። ጾሙንና የበዓሉን መጠጥ እንዴት ላድርግ?

በመጀመሪያ፣ መድኃኒቱ በበዓሉ መካከል እንዳያልቅ ይቁጠሩት። ገና ሳይደርስ እስከ ጥር አጋማሽ የሚያዘልቅ ይኑርዎት፤ በበዓል ቀን የሚከፍተው ፋርማሲ ጥቂት ነው፣ የተከፈተውም የእርስዎን መድኃኒት ላይይዝ ይችላል። የድባቴና የጭንቀት መድኃኒቶችን በድንገት ማቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብስጭትና የእንቅልፍ መዛባት ሊያመጣ ይችላል፤ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። ወደ አገር ቤት ሲሄዱ መድኃኒቱን በእጅ ቦርሳ ይያዙ እንጂ አውቶቡስ ላይ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።

የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። መድኃኒቱን ለጾም ብለው በራስዎ አያቁሙ፤ ሐኪሙን «እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ የመውሰጃውን ሰዓት መለወጥ ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ፣ ለብዙ መድኃኒቶች ይቻላል። ሊቲየም የሚወስዱ ግን ልዩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል፤ ውኃ ሳይጠጡ መዋልና የጨው መጠን መለዋወጥ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከመጠን በላይ እንዲጠራቀም ያደርጋል፣ ይህም አደገኛ ነው። ሐኪምዎን ሳያማክሩ ውኃ የሌለበት ጾም አይጀምሩ። የንስሐ አባትም ስለ ሕመምዎ ቢያውቁ የሚፈቅዱትን ይነግሩዎታል።

ስለ መጠጥ ግልጹን ልናገር። እንደ ዳያዜፓም ያሉ የሚያረጋጉ ወይም የሚያስተኙ መድኃኒቶች ከጠላ፣ ከጠጅም ሆነ ከአረቄ ጋር ሲደባለቁ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርሱ ይችላሉ። «ለበዓል አንድ ብርጭቆ» የሚለው እዚህ ላይ አይሠራም። ሲያጎርሱና ሲቀዱ እምቢ ማለት ለሚከብደው ሰው «መድኃኒት ጀምሬአለሁ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል» በቂ ነው፤ በአገራችን የሐኪም ቃል ይከበራል። ጫትም እንቅልፍ ይነሳል፣ ጭንቀት ያባብሳል፤ ለበዓል ከተሰበሰቡ ጓደኞች ጋር ከመቀመጥዎ በፊት ይህን ያስቡበት።

ቤተሰቦቼ «ፀበል ይበቃሃል፣ ሐኪሙን ተው» ይላሉ።

ፀበልና ሕክምና የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ጠዋት ተጠምቆ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮው ላይ የሚገኝ ሰው አለ፤ በጸሎት ቤት የሚጸለይለትና ክትትሉንም ያላቋረጠ እንዲሁ። ጉዳት የሚመጣው አንዱ ለሌላው ሲባል ሲቋረጥ ነው። ከቤተሰብ ጋር በእምነት ላይ ክርክር መግጠም አያስፈልግም፤ «ሁለቱንም አደርጋለሁ» ማለት ነገሩን ያበርደዋል። ቀጠሮና የፀበል ሰዓት ከተጋጩ አማካሪዎ ሰዓት ሊቀይርልዎ ይችላል፤ ዕቅድዎን ሳይደብቁ ይንገሩት።

በዓሉ ሲደርስ ደህና ሆኛለሁ። ታዲያ ሄጄ ምን አወራለሁ?

ደህና ሆነው መሄድ ጥሩ ነው። ሕመሙ ጋብ ባለበት ሰዓት ምን እንደረዳዎት፣ ምን ቢመጣ እንደሚመልስዎ አስቦ ለመያዝ ይመቻል። አማካሪዎ የቤት ሥራ ሰጥቶዎት ከነበረ፣ ለምሳሌ የሚያስጨንቅ ሐሳብ ሲመጣ መጻፍ፣ የዘመድ ጥያቄና የበዓል ድካም ባለበት ሳምንት የተጻፈው ከሌላው ጊዜ የበለጠ ያስተምራል።

ከዚህም ሌላ፣ የብዙ ሰው መንፈስ የሚወርደው በበዓሉ ቀን ሳይሆን ከጥምቀት በኋላ ነው። እንግዳው ይሄዳል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል፣ ዕዳው ይቀራል። የጥር አጋማሽ ቀጠሮ አስቀድሞ በእጅ ሊኖር የሚገባው ለዚህ ነው፤ ያኔ ስልክ አንሥቶ ቀጠሮ ለመያዝ አቅም ላይኖር ይችላል።

አማካሪዬ ውጭ አገር ናት። የእነሱም የእኛም በዓል ሲደራረብ ምን ይሻላል?

በኢንተርኔት ከውጭ አገር ባለሙያ ጋር የሚሠሩ ሰዎች ሳያስቡት ሁለት ክፍተት ይገጥማቸዋል። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16፣ አዲስ ዓመታቸው ታኅሣሥ 23 ቀን ይውላል (በዘመነ ዮሐንስ አንድ አንድ ቀን ይቀንሳል)። እሷ በዚያ ሳምንት ታርፋለች፤ እርስዎ ደግሞ በማግስቱ ሳምንት ገና ላይ ይቀራሉ፤ ቀጥሎ ጥምቀት ይመጣል። እንዲሁ ቢተው ወር ሙሉ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ስለዚህ በሁለቱ በዓላት መካከል ያሉትን ቀናት፣ ማለትም ከታኅሣሥ 24 እስከ 27 ያሉትን፣ በኅዳር ወር ይጠይቋት።

ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፈው ይላኩ። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ እርስዎ «10 ሰዓት» ሲሉ ከሰዓት በኋላ ማለትዎ ነው፣ እሷ የምታስበው ግን የእኛን 4 ሰዓት ጠዋት ነው። «ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በእነሱ አቆጣጠር 16፡00፣ በኢትዮጵያ የሰዓት ክልል» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል።

ዘንድሮ እናቴ የለችም። በዓሉንም ቀጠሮውንም ማየት አልፈልግም።

ሰው ከሞተ በኋላ የሚመጣ የመጀመሪያ በዓል ከባድ ነው። ዳቦው ሲቆረስ የሚባርከው ድምፅ የለም፤ ጎረቤትም «ነፍስ ይማር» እያለ ሲገባ ቁስሉ ይነካል። በዚህ ጊዜ መተኛትና ማንንም አለማየት መፈለግ ያለ ነው። ቀጠሮውን ግን ከሁሉ በኋላ ይተዉት። እዚያ ለመሄድ ደስተኛ መምሰል አይጠበቅብዎትም፤ ዝም ብለው ለሃምሳ ደቂቃ ቢያለቅሱም ሰዓቱ በሚገባ ውሏል።

ከበዓሉ በፊት ባለው ቀጠሮ ከአማካሪዎ ጋር በዓሉን ሰዓት በሰዓት ያቅዱት፦ ጠዋት የት ይሆናሉ፣ የእናትዎን ቦታ ማን ይይዛል፣ ሲከብድዎ ወደ የትኛው ክፍል ወይም ወደ ማን ቤት ይሄዳሉ። በስማቸው ነዳያንን ማብላት ወይም መቃብራቸው ዘንድ ደርሶ መምጣት ለብዙዎች ልብ ያሳርፋል።

በበዓሉ ሽማግሌ ልከው ከበደለኝ ዘመዴ ጋር ሊያስታርቁኝ ነው። አማካሪዬ ደግሞ ገና አልጨረስንም ትላለች።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በዓል በእኛ ዘንድ የዕርቅ ጊዜ ነው፤ በሲዳማም ፍቼ ሲመጣ የተጣላ ይታረቃል፣ ሽማግሌዎች ቂም ይዞ አዲሱ ዓመት መግባትን አይወዱም። ይህ ባህል ብዙ ቤተሰብ ያዳነ፣ ልናከብረው የሚገባ ነው። ለመሬት፣ ለገንዘብ፣ በቁጣ ለወጣ ክፉ ቃል የሽማግሌ ጉባኤ የሚሠራውን ያህል የትኛውም የምክር ክፍል አይሠራም።

ሆኖም ዕርቅና የልብ መዳን በአንድ ቀን አይመጡም፤ በዓል ስለደረሰም አይፋጠኑም። ጉዳዩ ድብደባ ወይም የወሲብ ጥቃት ከሆነ፣ የተጎዳው ሰው በዘመድ ፊት ጉልበት ስሞ «ይቅር ብያለሁ» እንዲል መገደዱ ሁለተኛ ጉዳት ይሆናል። በሕፃን ላይ የተፈጸመ ጥቃት ደግሞ የሕግ ጉዳይ ነው፤ በሽምግልና አይዘጋም። ሌላም ልጅ በዚያው ሰው አጠገብ ካለ ዝምታው ያንን ልጅ ያስከፍለዋል።

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ እንደሰሙ ቀጠሮዎን ወደፊት ያምጡት፣ ከእነሱ ጉብኝት በፊት እንዲሆን። ከአማካሪዎ ጋር የሚናገሩትን ያዘጋጁ፤ አክብሮት ያለው፣ በርም የማይዘጋ፣ ግን የማያስገድድዎ ቃል፦ «አባቶቼ፣ ስለ እኔ ስለደከማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለዚህ ነገር ግን ገና አልደረስኩም፤ ጊዜ ስጡኝ፣ እኔው እልክባችኋለሁ።» ይህን ቆሞ መናገር ካስፈራዎ የሚያምኑት ሰው ይናገርልዎ። ያ ዘመድ በበዓሉ ማዕድ የሚገኝ ከሆነ ለመቅረት ወይም ለጥቂት ሰዓት ብቻ ለመገኘት መብት አለዎት። «እናትሽን አሳዘንሽ» ሊባል ይችላል፤ እሱን ለብቻዎ እንዳይሸከሙት ከበዓሉ ማግስትም አንድ ቀጠሮ ይኑርዎት።

በበዓሉ መካከል መኖር አልፈልግም የሚል ሐሳብ ቢመጣብኝስ?

ቀጠሮ አይጠብቁ። አጠገብዎ ላለ ለሚያምኑት ሰው አሁኑኑ ይንገሩና አብራችሁ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ በገናም በጥምቀትም ክፍት ነው። መጓጓዣ ከጠፋ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ቤተሰብ ሆነው ይህን የሚያነቡ ከሆነ በቀጥታ ይጠይቁ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ እፎይ ይላል። ብቻውን አይተዉት፤ በቤት ያለውን ፀረ ተባይ መድኃኒትና ክኒን ከእጁ ያርቁ። በእንግዳ ፊት እንዳይታይ ብሎ ነገሩን ሸፍኖ ማሳደር ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

በዓሉን ሁሉ ቀርቼ፣ ስልክም ሳላነሣ ወር አለፈኝ። አሁን በምን ፊት ልመለስ?

ባለሙያዎች ይህን በየዓመቱ በጥር ያያሉ፤ የሚደነቅ ነገር የለውም። አማካሪዎ የሚያስበው «ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ ነው። ምክንያት መደርደር ወይም ማመካኛ መፈለግ አያስፈልግም። «በበዓሉ ጠፍቼ ነበር፣ መቀጠል እፈልጋለሁ» ብለው ይላኩ። የቀድሞው ሰዓት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ከሆነ ተጠባባቂ ውስጥ እንዲያስገቡዎ ይጠይቁ፤ ላልተገኙበት ቀጠሮ የሚከፈል ካለም ስንት እንደሆነ በዚያው መልእክት ይጠይቁና ይጨርሱት፤ ሰውን ከመመለስ የሚያግደው አንዳንዴ ይህቺው ያልተነገረች ዕዳ ናት።

ሲገናኙ ስለ መቅረትዎ ያውሩ። የቀሩት ደክሞዎት ነው፣ ገንዘብ አጥሮ ነው፣ ወይስ በመጨረሻው ቀጠሮ የተነሣው ነገር ከብዶዎት? የመጨረሻው ከሆነ አማካሪዎ ሊያውቀው ይገባል፤ አካሄዱን የሚያዘገየው በዚያ ነው።